ከሪያድ ያልመጣው ሰይፍ

ለእታፈራሁ ቃል ከታሰረላት በኋላ እጮኛዋ ረዲ አማቱን ኢስሐቅን ሊዘይር ሲመጣ ባዶ እጁን አልመጣም። በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ረዥም ነገር ታቅፎ፣ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ፣ "አሰላሙ ዐለይኩም" ብሎ ገባና የተሸከመውን ኢስሐቅ ጉልበት ላይ አኖረው። ሽማግሌው ቋጠሮውን ሲፈቱ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ሰይፍ ነበር።

"ሱብሐነላህ!" አሉ ኢስሐቅ። "ይኼን ለእኔ?"

"የአንቱ ነው፣ አባባ። ግድግዳው ላይ ይሰቀል።"

"ከየት አገር ነው?"

"ከሪያድ ነዋ። የሠራሁበት ቤት ጌታ ስሰናበተው አንጥረኛ ቤቱ ድረስ አስጠርቶ፣ ዓይኔ እያየ ያሠራልኝ ነው።"

የኢስሐቅ ታላቂቱ ልጅ ከድጃ እንግዳውን ልታስታጥብ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰይፉን ከዓይኗ ቀድሞ ያወቀው ቅልጥሟ ነው፤ የድሮ ምት እንደ አዲስ ጠዘጠዛት። እጀታው ጥቁር ቀንድ ነው። ከእጀታው ሥር ወደ ስለቱ የታጠፉ የናስ ጣቶች አሉት፤ ከጣቶቹ አንዱ ተሰብሮ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። አፎቱ ተራ ቆዳ ሆኖ በጀርባው በኩል በጅማት ተሰፍቷል።

"ሪያድ?" አለች።

ረዲ ቀና ብሎ ፈገግ አለላት። መልከ መልካም ነው፤ ንግግሩም ለስላሳ። "ሪያድ። አንቺ ጅዳ ነበርሽ አሉ።"

"ጅዳ ነበርኩ። አንጥረኛው ሲሠራው አይተሃል?"

"ወላሂ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እጀታውን ሲያስገባ ስለቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ።"

ከድጃ ጎንበስ ብላ እጁ ላይ ውሃ አፈሰሰችለት። እታፈራሁ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆና እጮኛዋን በስስት ታየዋለች። ኢስሐቅ ሰይፉን አንዴ እንኳ ከአፎቱ ሳይመዙት እንደ ገና ጠቀለሉት።

ከድጃ ስለ ሰይፍ የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው በግዞት ነው። ጅዳ በገረድነት የገባችበት ቤት ጌታ ነጋዴነቱን የተወ፣ ሰይፍ መሰብሰብ ያሳበደው ሽማግሌ ነበር። ከምድር ቤቱ አንድ ረዥም ክፍል በሰይፍ ተሞልቷል። ብሩን መወልወል፣ ቆዳውን ቅባት ማጠጣት፣ ዝገቱን መጥረግ የእሷ ሥራ ሆነ። ሽማግሌው አንዳንድ ቀን ወንበር አስቀምጦ ያስተምራት ነበር።

"ስለቱን አትይ" ይላታል። "ስለት መንገደኛ ነው። ከፈረንጅ አገርም፣ ከህንድም፣ ከፋርስም ይመጣል። አንዱ ከሌላው ይማርከዋል፣ ይሸጠዋል፣ እንደ ገና ያለብሰዋል። አገሩን የሚነግርሽ ልብሱ ነው።"

ልብሱን ለየች። የነጅድ አገሩ፣ ማለት የሪያድ ሰይፍ፣ እጀታው በቀጭን የብር ሽቦ ይጠመጠማል፤ ከእጀታው ሥር ካለው መስቀለኛ ብረት እስከ እጀታው ጫፍ ትንሽ ሰንሰለት ተወጥራበታለች፤ አፎቱም እንደ ጤፍ ቅንጣት የደቀቀ የብር ጠብታ ይፈስስበታል። የዖማኑ መስቀለኛ የሚባል የለው፤ እጀታው እንደ ዘነዘና ድቡልቡል ሆኖ ይረዝማል። የሐድረሞቱ፣ የምሥራቅ የመኑ፣ ለብር አይሳሳም፣ የእጀታውንም ጫፍ የአውሬ ራስ ያደርገዋል። የየመን ቆላ፣ የባሕሩ ዳር ሰይፍ ግን የድሃ ልብስ ነው የሚለብሰው፤ ጥቁር ቀንድ፣ ናስ፣ ጅማት። ሽማግሌው ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ይጠይቃታል፤ የመኑን ዖማን ካለች ያንኑ ሰይፍ ከነአፎቱ አንስቶ ቅልጥሟ ላይ ያሳርፍባታል። ውሎ አድሮ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ እየዳሰሰች ትለይ ጀመር። ያስተማራት ፍቅር አልነበረም።

ሽማግሌው ሲሞት ልጆቹ ሰይፎቹን ተከፋፍለው እሷን መንገድ ላይ አወጧት። ወዲያውም ሳዑዲ ሐበሻን ጠራርጋ የምታባርርበት ወራት መጣና በፌስታል ልብስ ይዛ አገሯ መርሳ ገባች። ስትገባ እናቷ ሞታ፣ በሬዎቹ ተሸጠው፣ ወንድሟ ሙስዐብ የለም።

ሙስዐብ የሄደው እሷ እዚያ ሳለች ነው። "ሥራስ አለ፣ ሰው ይኖራል" ብላ በስልክ ያለችውን ይዞ፣ በአፋር በረሃ አድርጎ፣ በጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ የመን ገባ። ከዚያ አንድ ቀን ለአባቱ ስልክ ተደወለ። ሙስዐብ እየጮኸ "አባባ ላኩልኝ" አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ሰው ስልኩን ተቀብሎ በጠራ የወሎ አማርኛ ብሩ በማን በኩል እንደሚላክ አስረዳ። ያን ጊዜ ከሐብሩ ወረዳ የወጡ ብዙ ልጆች በየመንና በሳዑዲ ድንበር ላይ በሰው ነጋዴዎች ግቢ እንደ ከብት ይታጎሩ ነበርና ነገሩ ለማንም አዲስ አልነበረም። ኢስሐቅ በሬዎቹን ሸጠው ላኩ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝም አለ። እናቲቱ በዚያው ክረምት አረፈች። ኢስሐቅ ግን ልጃቸው ሞቷል ተብሎ እንዳይለቀስ ከለከሉ፤ የሞተበት አንድ ቀን ያለቅሳል፣ የጠፋበት ግን ለቅሶውን እንኳ የት እንደሚያወርደው አያውቅም።

ረዲ የጎረቤቱ ከተማ የግራና ልጅ ነው። ከዐረብ አገር የተመለሰው ከእሷ ኋላ ሲሆን መርሳ ላይ የግንባታ ዕቃ መደብር ከፍቷል። ቀበሌው ስለ ሕገ ወጥ ስደት ስብሰባ በጠራ ቁጥር ሠርቶ የተመለሰ፣ አርአያ የሚሆን ወጣት እየተባለ መድረክ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። "እኔ በሕጋዊ መንገድ በአውሮፕላን ሄጄ በአውሮፕላን ተመለስኩ፤ ባሕሩን በዓይኔም አላየሁት" ይላል። ከድጃ ይህን በጆሮዋ ሰምታዋለች። ባሕሩን ያላየ ሰው የባሕሩን ዳር ሰይፍ፣ ያውም "ሪያድ ዓይኔ እያየ ተሠራ" ብሎ፣ ይዞ መጣ።

እንግዳው ከወጣ በኋላ እህቷን ጓዳ ጠራቻት።

"ያ ሰይፍ የሪያድ አይደለም።"

"ታዲያ የት ይሁን?" አለች እታፈራሁ ሳቋ ሳይጠፋ።

"የየመን ነው። የባሕሩ ዳር። ሪያድ የሚሠራ አንጥረኛ እንዲህ ያለ እጀታ አያውቅም።"

"ገዝቶት ይሆናላ።"

"ገዛሁ ቢል እኮ ዝም እል ነበር። ዓይኔ እያየ ተሠራ ነው ያለው። ሰው ሳይጠየቅ ለምን ይዋሻል?"

የእታፈራሁ ፊት ጠቆረ። "አንቺ ባዶ እጅሽን ስለመጣሽ ሰው ሁሉ ባዶ እጁን እንዲመጣ ትፈልጊያለሽ። የአንድ ብረት እጀታ አይተሽ ትዳሬን ልታፈርሺ ነው?"

ማስረጃው ለከድጃ ለራሷም ቢሆን ቀጭን ነበር። ወደ አባቷ ሄደች። ኢስሐቅ የነገረቻቸውን ሁሉ መሬት መሬት እያዩ ሰሙና፣ "ብረት አገር የለውም፣ ልጄ። ተይው። ሆድ ይፍጀው" ብለው ተነሡ። ከድጃን የገረማት መቆጣታቸው ሳይሆን አለመቆጣታቸው ነው። አባቷ በሐሰት የሚጠረጥር ሰው አይወዱም፤ በደህናው ቀን ቢሆን በከዘራ ባባረሯት ነበር።

በዚያው ሳምንት ወልድያ ወጣች። በአንድ አውሮፕላን አብራት የተባረረችው ውባለም መናኸሪያው አጠገብ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ከድጃ የሆዷን ስትነግራት ውባለም ሚዛኑን አስቀመጠች።

"ሐራ ላይ አማኑኤል የሚባል የአክስቴ ልጅ አለ" አለቻት። "የሐብሩ ልጆች ከታጎሩበት ከዚያ የየመን ግቢ በሕይወት ከወጡት ነው። አይናገርም። ምናልባት ለአንቺ ይናገር ይሆናል።"

ሐራ በዚያ ድርቅ ዓመት አቧራ ብቻ ነበር። ማሽላው በእንጭጩ ደርቆ ቀርቷል፤ ለባቡሩ መንገድ የሚቆፍሩት መኪኖች ደግሞ የተረፈውን አፈር ወደ ሰማይ ይበትኑታል። አማኑኤል የጠጠር ክምር ይጠብቃል። በእግሩ መርገጫ ሳይሆን በእግሩ ጎን ነው የሚራመደው፤ የሁለት እጁ ጣቶችም ተጣጥፈው ቀርተዋል፣ በሽቦ ታስሮ ተሰቅሎ ስለነበር። ከድጃን ድንጋይ ላይ አስቀመጣት።

ስለ ወንድሟ ቀድማ አልጠየቀችውም፤ ፈራች። እንጨት አንስታ አቧራው ላይ ሰይፍ ሣለች። ቀጥ ያለ እጀታ ሣለች፣ ከሥሩ ወደ ታች የታጠፉ ጣቶች ሣለች።

አማኑኤል አየውና በተጣጠፈ እጁ አንዱን ጣት አበሰው። "ይቺ የለችም" አለ። "ተሰብራለች። አሁን አጥፊው።"

ከድጃ በእግሯ አጠፋችው።

"የት አየኸው?"

"ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፣ የግቢው ጌታ ከሚቀመጥበት በላይ። ከነአፎቱ አውርደው የውስጥ እግራችንን ይመቱበታል። ጌታው ከወታደሮች ጋር ተታኩሶ ሲሞት ጠባቂዎቹ ያገኙትን ይዘው ተበተኑ፤ እኛም ያኔ ወጣን። ሰይፉን ማን እንደወሰደው አላየሁም።"

"አማርኛ የሚናገር ሰው ነበር?"

"አስተርጓሚው።" አማኑኤል ወደ መኪኖቹ ዞረ። "ፊቱን በሻሽ ይሸፍናል። ስልኩን አፋችን ላይ የሚይዝልን እሱ ነው። ዐረቦቹ ያሉትን ይነግረናል። የእኛን ልቅሶ ግን አይተረጉምም፤ ልቅሶ አስተርጓሚ አያሻው። ድምፁ ለስላሳ ነበር። አንድም ቀን ሲሰድብ ሰምቼው አላውቅም።"

ከድጃ እንግዲህ የወንድሟን ስም ከመጥራት ሌላ የቀራት አልነበረም። "ሙስዐብ። የመርሳው ሙስዐብ።"

አማኑኤል ፊቱን ወደ እሷ አልመለሰም። "እህቱ ነሽ?"

"እህቱ ነኝ።"

"ብሩ ደርሶለት ነበር። በማግስቱ ሊለቁት ነበር። አስተርጓሚው ሊነግረው ሲገባ ሙስዐብ ደስ አለው፣ ሳቀ። 'አንተ፣ የግራና ልጅ አይደለህም? ድምፅህን ገበያ ላይ አውቀዋለሁ' አለው። ለክፉ አልነበረም፤ ያገሩን ሰው ያገኘ መስሎት ነው። ሰውየው ምንም አልመለሰለትም፤ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለሙስዐብ ውሃ እንዳይሰጠው ታዘዘ። በር ላይ፣ ፀሐዩ ላይ አሰሩት። እስኪሞት ድረስ እንደዚያው ነበር። ስሙን እየጠራ ለመነው፣ የመጨረሻ ቀን አፉ ደርቆ ስሙም ጠፋበት።"

"የማንን ስም?"

"ረዲ እያለ።"

ከድጃ ከዚያ እንዴት እንደተነሣች፣ በየትኛው ባጃጅ ወልድያ እንደደረሰች፣ የመርሳን ሚኒባስ ማን እንዳሳፈራት አታውቅም። ከመኪናው ወርዳ በቀጥታ ወደ አባቷ ማሳ ሄደች። ኢስሐቅ ወንዙ ዳር ካሉት ብርቱካኖች ሥር ደለል ይጠርጋሉ። ቆማ፣ ትንፋሿን ሳትሰበስብ፣ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ስትጨርስ አካፋው እጃቸው ላይ እንዳለ ነበር።

"ውሃ ጠምቶት ነው የሞተው?" አሉ ቀስ ብለው። "ይኼን አላውቅም ነበር።"

ከድጃ ነገሩ ዘግይቶ ገባት። "የቀረውንስ ያውቁት ነበር?"

አካፋውን ጥለው ቦዩ አፋፍ ላይ ተቀመጡ። "ብርቱካን ሊገዛ መጣ፤ ዓምና። 'አባባ፣ ይጣፍጣሉ?' አለኝ። ይኼው ነው ያለኝ። በስልክም አባባ ነበር የሚለኝ። 'አባባ፣ ልጅዎን ይወዱት የለ? እንግዲህ ይፍጠኑ' ይለኝ ነበር፣ እንደ ጨዋ ልጅ። ያን ድምፅ እንዴት እረሳዋለሁ? እጁን ያዝኩት። 'አውቄሃለሁ፤ ደም አልፈልግም፣ ከሳሽም አልሆንም፤ ልጄን የት እንደቀበርከው ብቻ ንገረኝ' አልኩት። አላውቅዎትም ብሎ እጁን አስለቅቆ ሄደ። ወር ቆይቶ ሽማግሌ ላከ።"

"እታፈራሁን?"

"'ልጅ ያድርጉኝ' አለኝ ለብቻችን። 'ኒካሑ ከታሰረ በኋላ አማቼ ነዎት፣ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ቦታውን እነግርዎታለሁ' አለኝ።"

"አባባ!" ከድጃ ጮኸች። "ለመቃብር ለወጧት? የቆመችውን ልጅዎን ላልታወቀ መቃብር ለወጧት?"

"አንቺ ልጅ አልወለድሽም" አሉ ኢስሐቅ። "አፈር ያላለበስኩት ልጅ በየቀኑ ደጃፌ ላይ ነው የሚቆመው። ልከስሰው ነበር፤ ብከስሰው ይሸሻል። ይሸሽና ቦታውን ይዞት ይሄዳል። ለእሷ ክፉ አይሆንባትም ብዬ ነው። ይወዳታል ብዬ ነው። አላህ ይይልኝ፣ አእምሮዬ የቀረውን አላሰበም።"

ከድጃ ሌላ ልትናገር ስትል ከዛፎቹ መካከል የዕቃ ድምፅ ሰማች። እታፈራሁ የአባቷን ምሳ ይዛ ቆማለች። ምን ያህል እንደሰማች ፊቷ ይናገር ነበር። ምሳውን ሣሩ ላይ አስቀመጠች፣ ክዳኑን አስተካክላ ዘጋችው፤ ዞራም ሄደች። አባቷ ስሟን ቢጠሩ አልመለሰችም።

ነገሩ ወደ ሽማግሌ የሄደው እንዲህ ነው። በዚያ አገር የደም ነገር ሲነሣ የሚሰበሰቡት አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ አበጋሮቹ፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው፤ የዚያን ዕለት ጉባኤውን የመሩት አቶ ሙላቱ፣ በሁለቱም ወገን ቃላቸው የሚከበር፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ነበሩ። ከዋርካው ሥር የረዲ ዘመዶች ባንድ ወገን፣ የኢስሐቅ ዘመዶች በሌላው ተቀመጡ። ሰይፉ መሐል ላይ ተጋደመ። ረዲ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ በጊዜ ነው የመጣው፤ የሚፈራው ነገር ያለ አይመስልም።

"ይኼ ሰይፍ ከየት መጣ?" አሉ ሙላቱ።

"ከሪያድ ገበያ የገዛሁት ነው።"

"ለአማትህ ዓይኔ እያየ ተሠራ ብለሃል አሉ።"

"ስጦታ ለማክበድ ያልኩት ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ከድጃ እንድትናገር ተፈቀደላት። ሰይፉን አነሣች። እጀታውን፣ ናሱን፣ የአፎቱን ስፌት እያሳየች የሪያዱ እንዴት እንደሚሆን፣ የየመን ቆላው እንዴት እንደሆነ ተናገረች። ከረዲ ወገን አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሰይፍ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ልጄ፣ በእጀታ ሰው ይፈረድበታል?"

"አይፈረድበትም" አለች ከድጃ። "ለዚህ ነው ሌላ ምስክር ያመጣሁት።"

አማኑኤል በእግሩ ጎን እየተራመደ ወደ መሐል መጣ። ያየውን ሁሉ አጠር አድርጎ ተናገረ፤ የሙስዐብን ነገር ሲደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ረዲ ተነሣ። "ሐሰት ነው! ፊቴን አይተኸው ታውቃለህ?"

"አላየሁትም" አለ አማኑኤል። "ግን ተናገር። ደግመህ ተናገር፣ እነዚህ ሰዎች ሁሉ ይስሙት።"

ረዲ አፉን ከፍቶ ዘጋው። ሙላቱ የደከመ ዓይናቸውን ወደ እሱ አደረጉ። "ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይኼን ከሌላ ዕቃ ሁሉ መርጠህ ለምን ለእሳቸው ሰጠህ?"

"ቤቴ ሊቀመጥልኝ አልቻለም" አለ ረዲ። ድምፁ ከዚያ በፊት እንደነበረው አልነበረም። "ልጥለውም አልቻልኩም።"

ያኔ ኢስሐቅ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሽማግሌው ሰይፉን አልፈው ረዲ ፊት ድረስ ሄደው ቆሙ።

"እኔ ፍርድ አልጠይቅም" አሉ። "የት ቀበርከው?"

ረዲ አላያቸውም።

"ልጄ፣ የት ቀበርከው?"

"አልተቀበረም፣ አባባ" አለ ረዲ። "ከአጥሩ ውጭ ነው የሚጣሉት። አሸዋው ራሱ ያለብሳቸዋል። ቦታ የለውም። የምነግርዎት ቦታ አልነበረኝም።"

የኢስሐቅ ከዘራ ከእጃቸው ወደቀ። የኢስሐቅ ወገን ጎረምሶች ዱላቸውን እያነሡ ሲነሡ ሙላቱ በዚያ እርጅናቸው መሐል ገብተው ክንዳቸውን ዘረጉ። "እዚህ ደም አይፈስም! እኔን ረግጣችሁ እለፉ!" እያሉ ጮኹ። ያለፋቸው አልነበረም። ረዲም አልሸሸም፤ ፖሊስ ከመርሳ እስኪመጣ ድረስ በተቀመጠበት ቆየ። የረዲ እናት ይቅርታ ለመለመን ድንጋይ ተሸክመው ኢስሐቅ እግር ሥር ተንበረከኩ፤ ኢስሐቅ ድንጋዩን ከትከሻቸው አወረዱላቸው እንጂ ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ ይቅር አልልምም አላሉም።

ክሱ ወልድያ ታየ። የአማኑኤል ቃል ሲሰማ ከዚያ ግቢ የተረፉ ሌሎች፣ ከሐራም ከግራናም፣ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ረዲ ተፈረደበት። ከድጃ ለምስክርነት ስትጠራ ሰይፉ በላስቲክ ተጠቅልሎ ዳኞቹ ፊት ነበር፤ ታውቂዋለሽ ወይ ሲሏት "አውቀዋለሁ" አለች፣ አገሩንም ነገረቻቸው። ፍርዱ ሲነበብ ሰዎች ደስ ያላት መስሏቸው እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። እሷ ግን የምታስበው ስለዚያ ሳቅ ነበር፤ ሙስዐብ ያገሩን ልጅ አገኘሁ ብሎ የሳቀውን።

መርሳ ላይ ለሙስዐብ ሬሳ በሌለበት የሚሰገደው ሶላት ተሰገደለት። ድንኳን ተጣለ። ክርስቲያን ጎረቤቶች እንጨትና ውሃ አቅርበው ከአልቃሹ ጋር ተቀመጡ። ኢስሐቅ ለመጀመሪያ ጊዜ "ልጄ ሞተ" አሉ። እታፈራሁ ለቅሶው ላይ ተቀምጣ ወንድሟን አለቀሰች። ድንኳኑ የተነሣ ዕለት ልብሷን ሰብስባ ወልድያ ሄደች።

ውባለም ከአጠገቧ ቦታ አስለቀቀችላትና ሽንኩርት ትሸጥ ጀመር። ከድጃም ሰነበተችና ተከተለቻት፤ በአንድ ክፍል አብረው ያድራሉ። እታፈራሁ በረዲ ላይ ክፉ ቃል ስትናገር ተሰምታ አታውቅም። ስሙን ጨርሶ አታነሣም። ስለ አባቷ ግን አንድ ጊዜ ከድጃ፣ "አርጅተዋል፣ ሄደሽ እያቸው እንጂ" ስትላት፣ "እሱ የማያውቀኝ ሰው ነበር፤ እሳቸው ግን አባቴ ነበሩ" ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲያ ከድጃ አላነሣችባትም።

ከድጃ ሥራ በረድ ሲል መርሳ ትወርዳለች። አባቷ ማሳው ላይ ያገኟታል፤ ደለሉን አብረው ይጠርጋሉ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ውሃ ተራው ይነጋገራሉ። መጨረሻ ላይ ኢስሐቅ፣ እንደ ዘበት አድርገው፣ "እታፈራሁ አልመጣችም?" ይላሉ።

"ሥራ በዝቶባት ነው።"

ሽማግሌው አይከራከሩም። ከብርቱካኑ የበሰለ የበሰለውን እየመረጡ በጆንያ ይሞሉና መንገድ ድረስ ተሸክመው ያሳፍሩላታል። ወልድያ ሲደርስ እታፈራሁ ጆንያውን ትከፍትና ለጎረቤት፣ ለባጃጅ ነጂዎች፣ ለአላፊ አግዳሚው ታድለዋለች። ለራሷ አንድ አታስቀርም። ከድጃ በሚቀጥለው ጊዜ ስትሄድ ግን አባቷ፣ "ወደደችው?" ብለው ሲጠይቋት ቅጠሉን ይዛ ከመጣችው ባዶ ጆንያ አፍ እያራገፈች፣ "ወዳዋለች፣ በላች" ትላቸዋለች።